የቮልስ ካርቡሬተር ሲስተካከል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቮልስ ሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ሲል፣ ጠዋት አልነሣ ሲል ወይም ቤንዚን ሲያበዛ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ካርቡሬተሩ ነው። ካቻቢቴውም ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ካርቡሬተሩም ባልበደለው ተነካክቶ ሁለተኛ ችግር ይሆናል።

እዚህ የሚነሡት ስህተቶች በአየር በሚቀዘቅዘው የቮልስ (ቢትል) ሞተር ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩ ናቸው። ቁጥሮቹ በዋናነት ለሶሌክስ 34 ፒክት-3 ናቸው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በ1600 ሞተር ላይ ሲገጠም የነበረው ካርቡሬተር ነው። የቀድሞው 30 ፒክት የሚለይበት ቦታ ሲደርስ ይነገራል። የትኛው እንደተገጠመልዎት ለማወቅ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ የተቀረጸውን ይጥረጉና ያንብቡ። ብዙ መኪና ሞተሩ ወይም ካርቡሬተሩ በየጊዜው ስለተቀየረ የመኪናው ዓመተ ምርት አያስተማምንም።

ቫልቮና ፑንቲና ሳይታይ ካርቡሬተር መንካት

ካርቡሬተር የሚስተካከለው ከሁሉም በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቫልቮ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆራርጠው)፣ የእሳት ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)፣ ከዚያ ካርቡሬተር ነው።

የቫልቮ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፤ ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር። ክፍተቱ የጠበበ የመውጫ ቫልቮ በደንብ ስለማይዘጋ በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን የትኛውም የካርቡሬተር ብሎን አያስተካክለውም። የካንዴላ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7፣ የፑንቲና ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፑንቲናው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱም ይዘገያል። ስለዚህ ፑንቲና ነክቶ የእሳቱን ሰዓት ሳያዩ መተው ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው። የእሳቱ ዲግሪ እሳቱን ለየካንዴላው እንደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ይለያያልና መጀመሪያ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ቮልስ ላይ ኦሪጅናሉ ዲስትሪቢዩተር ወጥቶ የቫኪውም (የሞተሩ የአየር ስበት) ቱቦ የሌለው ቦሽ 009 ተተክቷል። 34 ፒክት-3 የተሠራው ከቫኪውም ዲስትሪቢዩተር ጋር እንዲሠራ ነው። ከ009 ጋር ሲጣመር፣ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ለቅጽበት ይታነቅና ከዚያ ይነሣል። ይህን ጉድለት በካርቡሬተር ለማጥፋት ሰዓታት ይባክናሉ፤ ትክክለኛው መፍትሔ ቫኪውም ያለውን ዲስትሪቢዩተር መመለስ ነው።

ሚኒሞን በክንዱ ብሎን ማስተካከል

በ34 ፒክት-3 ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሦስት ብሎኖች አሉ። አንደኛው የነዳጅ ካቦው የሚስበው ክንድ ላይ ያለው ነው፤ ጫፉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቀረጸ ትንሽ ካም ላይ ያርፋል። ሁለቱ በካርቡሬተሩ ግራ ጎን ይገኛሉ፤ ትልቁ የአየር ብሎን፣ ትንሹ የድብልቅ ብሎን ነው። በቀድሞዎቹ 30 ፒክት-1 እና 30 ፒክት-2 ላይ ትልቁ የአየር ብሎን ስለሌለ ሚኒሞ የሚስተካከለው በክንዱ ብሎን ነበር። እጁ ያንን የለመደ መካኒክ 34ቱም ላይ ያንኑ ያደርጋል።

የክንዱን ብሎን ሲያጠብቁ በካርቡሬተሩ ግርጌ ያለው ክብ ክዳን፣ ማለትም ፋርፋላው፣ ከሚገባው በላይ ይከፈታል። የፋርፋላው ጠርዝ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ መውጫዎች አሉ። የተሠሩት ሞተሩ ከሚኒሞ ወደ ጉዞ ሲሸጋገር ቤንዚን እንዲያቀብሉ ነው። ፋርፋላው ቀድሞ ከከፈታቸው በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚኑ በእነሱ ይወጣል፤ የድብልቅ ብሎኑም ሥልጣን ያጣል። ነዳጅ ሲሰጡ ደግሞ ለሽግግሩ የተቀመጠው ቀድሞ ስላለቀ ሞተሩ ይሰናከላል። የዲስትሪቢዩተሩ የቫኪውም ቀዳዳም በዚያው አብሮ ስለሚከፈት እሳቱ በሚኒሞ ላይ እያለ ይቀድማል።

ይህ መኪናዎ ላይ ተሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የድብልቅ ብሎኑን በቀስታ እስከ መጨረሻ ያስገቡት። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ካልጠፋ ቤንዚኑ በሌላ በኩል እየመጣ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. መኪናውን ነድተው ሞተሩን በደንብ ያሙቁት። የአየር ማጣሪያውን አንሥተው የቾኩ (በብርድ ሲነሣ አየር የሚቀንሰው) ክዳን ቀጥ ብሎ መቆሙን ያረጋግጡ። ካልቆመ የክንዱ ብሎን ከካሙ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ስለሚያርፍ ልኬቱ ሁሉ ይሳሳታል።
2. ሞተሩን ያጥፉ። የክንዱን ብሎን ካሙን እስኪለቅ ያላሉት፤ ከዚያ ዝቅተኛውን ደረጃ ገና ሲነካ ያቁሙና ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ ይህን ብሎን አይንኩት።
3. የድብልቅ ብሎኑን መጨረሻው እስኪሰማዎት በጣት ኃይል ያስገቡና 2 ዙር ተኩል ያውጡት። በ30 ፒክት-1 እና 2 ላይ ከ1 ዙር ተኩል ይነሡ።
4. ሞተሩን አስነሥተው በትልቁ የአየር ብሎን (እሱ በሌለበት 30 ፒክት ላይ በክንዱ ብሎን) ወደ 850 ዙር በደቂቃ ያምጡት።
5. የድብልቅ ብሎኑን ቀስ እያሉ ወዲህና ወዲያ በማዞር ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ያግኙ። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ዙር እስኪቀንስ ብቻ መልሰው ወደ ውስጥ ያስገቡት።
6. በትልቁ ብሎን እንደገና ወደ 850 ይመልሱት።

ትልቁን ብሎን ሙሉ በሙሉ ዘግተውትም ሚኒሞው ከፍ እንዳለ ከቀረ አየር ከሌላ ቦታ እየገባ ነው፣ ወይም ፋርፋላው አልዘጋም። ካቦው ተወጥሮ እንደሆነ ይመልከቱ። በትክክል የታሰረ ካቦ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሲረገጥ በክንዱና በማቆሚያው መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፈዋል።

የድብልቅ ብሎኑን አጥብቆ መዝጋት

ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ የሚያርፍበት ቀዳዳም ለስላሳ ብረት ላይ የተበሳ ነው። ባለ በሌለ ኃይል ከታሰረ ሾጣጣው ላይ ቀለበት ይቀረጽበታል። ብሎኑን አውጥተው ብርሃን ላይ ይያዙትና ጥፍርዎን ጫፉ ላይ ያንሸራትቱት፤ ጥፍሩ ከተሰናከለ ብሎኑን ይቀይሩት። የቀዳዳው አፍ ከተሰነጠቀ ግን ያ ካርቡሬተር ሚኒሞው ዳግም አይስተካከልም። ዙሪያው ያለችው የጎማ ቀለበት መድረቅ አለመድረቋንም በዚሁ አጋጣሚ ያጣሩ።

ጂግለርን በሽቦ መጥረግ

ጂግለር ቤንዚን ወይም አየር በልክ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የነሐስ ክፍል ነው፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው። 127.5 የተጻፈበት ዋና ጂግለር 1.275 ሚሊ ሜትር ነው። የሚቀጥለው መጠን የሚለየው በ0.025 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የብረት ሽቦ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመላለስበት ነሐሱን ፍቆ መጠኑን ይለውጠዋል። ቁጥሩ ግን እንዳለ ስለሚቀር ቀጣዩ መካኒክ ይታለልበታል። በካርቡሬተር ማጽጃ ይዘፍዝፉት፣ በኮምፕሬሰር አየር ይንፉት፣ ወደ ብርሃን አዙረው ክብነቱን ይዩት። የደረቀ ቆሻሻ እምቢ ካለ የናይሎን ክር ይበቃል።

ዋናው ጂግለር የሚገኘው ቤንዚን በሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ጎን፣ ከመዝጊያ ብሎኑ ጀርባ ነው። መዝጊያው ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስ ከሥሩ ዕቃ ይያዙ፤ ሞተሩም ቀዝቃዛ ይሁን። የፈሰሰውን አይድፉት፣ ነጭ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ይመልከቱት። የዛገ ዱቄት ከሥር ከተቀመጠ ጥፋቱ ከፊት ካለው ሰርባቶዮ (የቤንዚን ታንክ) ነው፤ ያ ካልጸዳ ጂግለሩ በሳምንቱ ተመልሶ ይደፈናል። ውሃ ከሆነ ከቤንዚኑ በታች ለይቶ እንደ እንቁላል አስኳል ሲንከባለል ይታያል።

ሲመልሱት አያጥብቁት። የካርቡሬተሩ አካል ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ ጥርሱ አንዴ ከተላጠ መጠገኑ ከባድ ነው።

ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መርሳት

ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ደህና ሠርቶ እግር ሲነሣ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ቁልፉን ወደ ማብሪያው ያዙሩ፤ ሞተሩን አያስነሡ። ወደ ኋላ ሄደው ካርቡሬተሩ ላይ አንዲት ሽቦ የምትገባበትን ክብ ቫልቭ ይፈልጉ። ሽቦዋን ነቅለው መልሰው ሲነኳት ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ይህ ቫልቭ ቁልፍ ሲጠፋ የሚኒሞን ቤንዚን የሚዘጋ ነው፤ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ሚኒሞ የሚባል ነገር አይኖርም። ሽቦዋ ወልቃ ሳለ ክንዱን ወጥሮ ሞተሩን በግድ ማሠራት የተለመደ ነው፤ ከላይ ያየነው ጥፋት ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛዋ ሽቦ የቾኩ ናት። ቾኩ ውስጥ ያለው ጠምዛዛ ሞላ በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ክዳኑን ቀስ በቀስ ይከፍታል። ሽቦዋ ከወለቀች ክዳኑ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል። ብዙዎች ክዳኑን በሽቦ አስረው ይከፍቱታል ወይም ነቅለው ይጥሉታል። ከዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሣት ባትሪ ይጨርሳሉ። ይልቅ ሦስቱን ትንንሽ ብሎኖች ያላሉና ክቡ ሽፋን ላይ ያለውን ምልክት ከመካከለኛው ጭረት ጋር ያገጣጥሙት። 12 ቮልት መሆኑንም ይዩ፤ ለአሮጌው 6 ቮልት መኪና የተሠራ ቾክ በ12 ቮልት ቶሎ ይቃጠላል።

ቾኩ ደህና ሆኖም ሞተሩ በብርድ የማይነሣው አንዳንዴ ከአነሣሡ ነው። ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ፔዳሉን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጠው ይልቀቁት። ቾኩ የሚዘጋውና ክንዱ ከፍ ያለው የካም ደረጃ ላይ የሚወጣው በዚህ ነው።

አየር እያስገባ ብሎን ማዞር

ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል፣ የድብልቅ ብሎኑን ሲያወጡት እየተሻለው የሚሄድ ሞተር አየር እየሰረቀ ሊሆን ይችላል። የሚፈተሹት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የመግቢያ ቱቦው ከሲሊንደር ራሱ ጋር የሚገናኝበት፣ በሁለት ቀዳዳው ሞተር ላይ ደግሞ ቱቦዎቹን የሚያያይዙት አጫጭር ጎማዎች። በእነዚህ ላይ በሚኒሞ እየሠራ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ይርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ግን እንዳያርሱት። በቤንዚን መፈተሽ ከጋለው ማርሚታ አጠገብ እሳት መጥራት ነው።

የሚረሳው የፋርፋላው ዘንግ ነው። ክንዱን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ከተንቀጫቀጨ ቀዳዳው ሰፍቷል። ቶርኒዮ ቤት ቡሽ ካልተገባለት አይስተካከልም። ካርቡሬተሩን የሚይዙትን ሁለት ዳዶዎች አለቅጥ ማጥበቅም ግርጌውን ያጎብጠዋል፤ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ይዩ።

ሲያፈስ ካርቡሬተሩን ብቻ መጠርጠር

ቤንዚን የሚሸትና ካንዴላው እርጥብ የሚሆን ሞተር በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን ከፍ ብሎበታል። የተለመደው ከፍታ ከጎድጓዳው አፍ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ክዳኑን ከፍተው ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ይወዝውዙት፤ ቤንዚን ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ሰምጧል፣ ይቀየር። ከመርፌ ቫልቩ ሥር ያለችው ሮንዴላ ደግሞ መጠኑን ትወስናለች፤ ወፍራም ሮንዴላ ቤንዚኑን ዝቅ ታደርጋለች። ሲገጣጥሙ ሮንዴላዋን መጣል ወይም ሁለት ደራርቦ መግጠም የተለመደ ጥፋት ነው።

እነዚህ ደህና ከሆኑ የቤንዚን ፖምፓውን ይመርምሩ። መርፌው የሚችለው ወደ 0.2 ባር ግፊት ነው። በዲናሞ ሞተር ላይ የፖምፓው ዘንግ 108 ሚሊ ሜትር፣ በአልተርኔተር ሞተር ላይ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተቀያይረው ሲገጠሙ ወይ ግፊቱ ይበዛል ወይ ፖምፓው ይሰበራል። ከፖምፓው ሥር ጓርኒሲዮን መጨመር ግፊቱን ይቀንሳል። ለሌላ መኪና የተሠራ የኤሌክትሪክ ፖምፕ ያለ ግፊት መቀነሻ መግጠም ግን ማጥለቅለቅ ነው።

ቆሞ ያፈሰሰ መኪና ቤንዚኑ በሲሊንደር በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱን ሳይቀይሩ ሞተሩን አያስነሡ፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል።

ከፍታን አለመቁጠር

መጽሐፎቹ ላይ ያሉት የጂግለር ቁጥሮች የተጻፉት ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም። ያንኑ 127.5 ጂግለር ይዞ ከሚገባው 12 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ያቀብላል። በደንብ ተስተካክሎም ካንዴላው ጥላሸት የሚለብስበት፣ ቤንዚን የሚያበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ድብልቅ ብሎኑ ሊረዳ የሚችለው በሚኒሞ ብቻ ነው፤ በጉዞ ላይ የሚወስነው ዋናው ጂግለር ነው።

በስሌት ለአዲስ አበባ 120፣ ለአዳማ 122.5፣ ለአዋሽና ለድሬዳዋ 125 ይቀርባል፤ እስከ ጅቡቲ የሚወርድ 127.5ቱን ይመልስ። ስሌቱ መነሻ ነው፣ ፍርዱን የሚሰጠው ካንዴላው ነው። በጥሩ ፍጥነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ማርሹን ነጻ አድርገው ሞተሩን ያጥፉና ዳር ይቁሙ፤ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈትተው ነጩን ሸክላ ይዩት። ቡናማ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና ዱቄታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጣ ብሎ ከደረቀ ቤንዚን አንሷል።

ከሁለቱ የሚያስፈራው ነጩ ነው። ጥቁሩ ገንዘብ ያስወጣል፣ ነጩ ሞተር ያቀልጣል። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ ቤንዚን ሲያንሰው የሲሊንደር ራሱ ይግላል፣ በአሮጌው የማራገቢያ ሽፋን ደግሞ ከዘይት ማቀዝቀዣው ጀርባ ያለው 3ኛው ሲሊንደር ቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 120 ገጥሞ በአዋሽ ሙቀት ጭኖ መሮጥ አይገባም። የወለቀውን ጂግለር ከመኪናው አይለዩት፤ መቀየሩ 10 ደቂቃ አይፈጅም።

የአየር ጂግለሩ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚገባው አየር ስለሆነ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሁለቱንም በአንድ ላይ አይቀይሩ። አንዱን ቀይረው፣ ነድተው፣ ካንዴላ አይተው ወደ ሌላው ይሂዱ። ከፍታ የወሰደውን ጉልበት በትልቅ ጂግለር ለመመለስ መሞከርም ከንቱ ነው፤ የጎደለው አየር እንጂ ቤንዚን አይደለም።

ክረምት ላይ የደፈነውን ማሞቂያ ቱቦ መዘንጋት

ከመግቢያ ቱቦው ሥር የምታልፈው ቀጭን ቱቦ የጭስ ሙቀት አምጥታ ካርቡሬተሩን ታሞቃለች። በጥላሸት ስትደፈን፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ ብርድ፣ የመግቢያ ቱቦው ላብ ያወጣል፣ አልፎም ውርጭ ይለብሳል። መኪናው ከ20 ደቂቃ በኋላ ጉልበት ያጣና ቆሞ ሲያርፍ ይድናል። ከ5 ደቂቃ ሥራ በኋላ ሁለቱም ጫፎቿ ላይ ውሃ ጠብ ሲያደርጉ ካልጨሰ ተደፍናለች። በተፈታታ የብረት ካቦ ቁራጭ ይቆርቁሯት።

ኦሪጅናሉን የዘይት አየር ማጣሪያ አውጥቶ ትንሹን የሚያብረቀርቅ ማጣሪያ መግጠም ሞቃት አየር የምታስገባውን ቱቦም ያስቀራል፤ ለአቧራችን ደግሞ ዘይቱ ይሻላል። ዘይቱ ከቀዩ ምልክት አይለፍ፣ ካለፈ ካርቡሬተሩ ይስበዋል።

የቤንዚን ማጣሪያን ከፖምፓውና ከካርቡሬተሩ መካከል ማንጠልጠል

ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባባት የነሐስ ቱቦ አልተበየደችም፣ ጥርስም የላትም፤ ተገፍታ ብቻ ነው የተሰካችው። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ትላላለች። የማጣሪያው ክብደት ሲጎትታት፣ መንቀጥቀጡ ሲጨመርበት አንድ ቀን ትወልቃለች። ፖምፓው በዚያ ጊዜ ቤንዚኑን ዲስትሪቢዩተሩና የጋለው ማርሚታ ላይ ይረጨዋል። የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል።

ማጣሪያውን ከፊት ከሰርባቶዮው ሥር፣ ወይም ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ከፖምፓው በፊት ይግጠሙት። ጎማውን ነቅለው የነሐስ ቱቦዋን በጣት ይያዙና ይነቅንቋት። ከተንቀሳቀሰች አውጥተው የሚሰካውን ጫፍ ሻካራ ያድርጉት፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ይመልሱት፣ ጎማውንም ከካርቡሬተሩ አካል ጋር በቀጭን ሽቦ ያስሩት። ጥርስ አውጥቶ ብሎናማ መግቢያ መግጠም ከሁሉም ይሻላል። 5.5 ሚሊ ሜትር ጨርቅ የለበሰው ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ ከጨርቁ በታች ይሰነጠቃል፤ አጥፈው ይዩት። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሥተው ክዳኑን ሳይዘጉ ለ5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ወረቀት ይንኩ፤ ወረቀቱ ከረጠበ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።